ከሦስት በላይ ይቀደዳል

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ስህተት ካላገኙ ከወንበራቸው አይነሱም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የተመዘዘው ከዚህ ነውና።

ጋሼ እንላቸዋለን። አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። ሥራቸው ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ሌላ ሰው በማተሚያ ፊደል የለቀመውን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እያነበቡ ስህተት ማደን ነበር። ጡረታ ሲወጡ፣ ሚስታቸውም ከሞቱ ቆይተው ስለነበር፣ «ወንድሜ ከግድግዳ ጋር ሲያወሩ አይኖሩም» ብላ ባለቤቴ ወደ ቤታችን አመጣቻቸው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የብረት ማስመሪያና አንድ ፓኬት ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ገቡ። ሻንጣው ያው የሰው ሻንጣ ነው። ያስቸገረኝ ፓኬቱ ነው።

እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ሙያውንም ያስተማረኝ ሰው የለም። ጆሮዬን አስጠግቼ መኪናውን አዳምጣለሁ፤ የሚያመውን ራሱ ይነግረኛል። ከሰው ጋርም እንደዚያው ነኝ፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በዚህ የተነሳ «ትዕግስተኛ ነው» ይሉኛል። ጋሼ ከመምጣታቸው በፊት የነበረኝ ትዕግስት ግን ያልተፈተነ ትዕግስት ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም አለው።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት መጽሐፍ ቅዱስ በእጄ እገለብጣለሁ። ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መጀመሬም ጸሎት እምቢ ቢለኝ ነው፤ ከንፈሬ ሲጸልይ ልቤ ገበያ ይወጣል። እጄ ሲጽፍ ግን ልቤ ሳይወድ በግዱ አጠገቤ ይቀመጣል። አንድ ገጽ እጽፋለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። የምጽፈው ባገኘሁት ነገር ላይ ነበር፤ ባለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ፣ በመርፌ ካርቶን ላይ፣ ልጄ በጨረሰችው ደብተር ትራፊ ላይ። ግማሹ የት እንደገባ እግዚአብሔር ይወቅ።

ልጄ ግን ልብ ትለው ኖሯል። እጮኛዋ ሥራው ሩቅ ከተማ ነው፤ ከሠርጉ ማግሥት ይዟት እንደሚሄድ የተነገረኝ ዕለት «ምን ልግዛልሽ?» አልኳት።

«ዕቃ አልፈልግም አባዬ። አንድ ወንጌል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅህ ጽፈህ ስጠኝ» አለች። «በልጅነቴ ስነቃ መጀመሪያ የምሰማው የእስክሪብቶህን ድምፅ ነበር። እዚያ ምን ሰምቼ ልነቃ ነው?»

ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ገዛሁ። ከአራቱ ወንጌላት ሦስተኛውን መረጥኩ። ሠርጉ አምስት ወር ሲቀረው ጀመርኩ። በሳምንቱ ጋሼ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ።

በመጀመሪያው ጠዋት ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው፣ ዳቦ በሻይ እየነከሩ፣ ዝም ብለው አዩኝ። በማግሥቱ ወንበራቸውን አስጠጉ። በሦስተኛው ቀን፣

«እስቲ አምጣው» አሉ።

ሰጠኋቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን በግራ፣ የእኔን ደብተር በቀኝ አደረጉ። ማስመሪያቸውን ከመጀመሪያው መሥመር ሥር አጋደሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህም።» ማስመሪያው አንድ መሥመር ወረደ። «እህም።» ሌላ መሥመር ወረደ። ሲጨርሱ ገጼ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሎ ነበር።

«አሥራ አንድ» አሉኝ። «አይዞህ፣ ለጀማሪ ደህና ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ስጽፍ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያረመህ የለማ!» አሉና ማስመሪያውን ከደብተሩ ስፌት አጠገብ ተጭነው ገጹን ቀጥ አድርገው ቀደዱት።

ደንቡን የሰማሁት ያኔ ነው። በአንድ ገጽ እስከ ሦስት ስህተት ከተገኘ በኅዳጉ ላይ ይታረማል። ከሦስት በላይ ከሆነ ገጹ ይቀደዳል፤ እንደገና ይጻፋል። የማተሚያ ቤት ደንብ ነው አሉ፤ ይሁን አይሁን የማውቀው ነገር የለኝም። ቅጠሉ ሲቀደድ ደግሞ ከጀርባው ያለው ገጽ ንጹሕ ቢሆንም አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ባጠፋ ሌላው ይቀጣል።

«ጋሼ፣ ለልጄ እኮ ነው፤ ፈተና አይደለም» አልኳቸው።

«ፈተና ቢሆን ማን አስጨነቀኝ? የእግዚአብሔር ቃል ነው። ልጅህስ ምን በደለችህ?»

እውነታቸውን ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ጋሼ ሁልጊዜ እውነታቸውን ነው።

በሦስት ወር አሥራ አንድ ገጽ አለፈልኝ። ደብተሩ እንደታመመ ሰው ከሳ። ድሮ ገጼን ጨርሼ በሰላም የምወጣ ሰው ጥርሴን እያፋጨሁ መውጣት ጀመርኩ። ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የሚታየኝ ቃሉ መሆኑ ቀርቶ ያ ማስመሪያ ሆነ። ሰው ትከሻችሁ ላይ አንገቱን አስግጎ ጸልያችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

ጋሼ በእኔ ብቻ አልተወሰኑም። የወተት ፓኮ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያርማሉ። ባለቤቴ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ቤት ብታመጣ በቀይ አቅልመው መለሱላት። የሠርጉን ጥሪ ካርድ ሦስት ጊዜ አስመለሱት። በሦስተኛው አታሚው እኔ ዘንድ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ እኔ የማትመው የጥሪ ካርድ ነው፣ ሕገ መንግሥት አይደለም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ እንባ ነበር።

«ቻላቸው» ትለኛለች ባለቤቴ። «ሰው ናቸው።»

«ሰው መሆናቸውን መች ካድኩ? ልጅቷ ልታገባ ነው እኮ። አሥራ አንድ ገጽ ጠቅልዬ ልስጣት?»

«አንተ ደግሞ አትሳሳታ!»

እህትና ወንድም ናቸው፤ ደም አይካድም።

አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነበር። ጋሼ ብዙ ስህተት ያገኙ ቀን ፊታቸው ይፈካል፤ ቶሎ ይጨርሳሉ፤ ገጹን ቀደው «በል መልካም ዋል» ብለው ይሸኙኛል። ምንም ያላገኙ ቀን ነው መከራው። ከላይ እንደገና ይጀምራሉ። ቀጥሎ ሦስተኛ ዙር ይሄዳሉ። ሻዬ ይቀዘቅዛል፤ ደንበኛ በተዘጋው ሱቄ በር ላይ ይቆማል፤ እሳቸው ግን ያልያዙት ስህተት የሆነ ጥግ ተደብቆ የሚስቅባቸው ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ሁለተኛ ደብተር ገዛሁ።

አዲሱን የጥገና ሱቄ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የልጄ ወንጌል እዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይጻፋል። የቤቱ ደብተር የጋሼ ይሆናል። ጠዋት አንድ ገጽ እጽፍና አውቄ አምስት ስህተት አስገባበታለሁ። አምስት ደግ ቁጥር ነው፤ ከሦስት በላይ ስለሆነ ያስቀድዳል፣ ጋሼን ያስደስታል፣ እኔን ደግሞ በአሥር ደቂቃ ነፃ ያወጣኛል። ሱቅ በማልከፍትበት በእሑድ ብቻ አውቄ አልሳሳትም፤ እንዲህ ሆኖ ደብተሩ በሳምንት አንድ ገጽ ይራመዳል።

ኅሊናዬ ዝም አላለኝም። በቅዱስ ቃል ላይ አውቆ መሳሳት! ሰበብ ግን አላጣሁም። የጌታን ስም አልነካም፤ እሱ የተናገረውንም አልነካም፤ አንድ «ነበረ» እዘላለሁ፣ አንድ «ከዚያም» እደግማለሁ፣ ይኸው ነው። ደግሞስ ጋሼ ያወጡት የለ? ወለሉ መጠረጉ ካልቀረ ትንሽ አቧራ መበተን ምን ኃጢአት አለው? ይህን ሰበብ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በልቤ እታዘበው ነበር።

ዘጠኝ ሳምንት ሠራ። ጠዋት በቤት አምስት ስህተቴን አስረክቤ እወጣለሁ፤ በሱቅ ደንበኛና ደንበኛ መካከል በሩጫ ሁለት፣ ሦስት ገጽ እጽፋለሁ። እጄን ከዘይቱ በሳሙና እታጠባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ መኪና ይመጣል፣ እፈታለሁ፣ እታጠባለሁ፣ እጽፋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ የስም ዝርዝሩ ጋ ደረስኩ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አባቶች ወደ ኋላ የሚቆጠሩበት ቦታ ነው፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እየተባለ እንደ ገመድ ይረዝማል። መካከል ላይ ሳለሁ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ የመኪናዋን ራስ ታቅፋ ገባች።

«አንተ ጠጋኝ! ይሄ መኪናህ ክር በላ እኮ!»

«መኪናው ያንቺ ነው።»

«ሲሠራ የእኔ፣ ሲበላሽ ያንተ ነው!» ራሱን ከደብተሩ አጠገብ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። «ምንድን ነው የምትጽፈው፣ ውል ነው?»

«ወንጌል ነው።»

«ታዲያ ወንጌሉ ‹የሷን መኪና ተወው› ይላል?»

ተነሣሁ። ክር መወጠሪያውን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ ገጠምኩ። ስታመሰግነኝ እንኳ ስድብ ይመስልባታል። ስትወጣ ጣቴን «ልጅ» የሚለው ላይ አሳርፌ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ካቆምኩበት መሰለኝ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን መሥመር ጻፍኩ። መቶ ሃምሳ ገጽ፣ አንድም ያልተቀደደ፣ አንድም ቀይ ያልነካው። ደብተሩን ዘግቼ ሽፋኑን በእጄ ዳበስኩት። ጋሼን በልቤ «አየኸኝ?» አልኳቸው፤ በልቤ ስለሆነ አንተ ብላቸውም አይሰሙም።

ማክሰኞ ጠዋት የቤቱ ደብተር፣ በዚያ በቀንድ አውጣ አካሄዱ፣ ያው የስም ዝርዝር ላይ ደረሰ። በቤት የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ስህተቶቹን የት እንደማስቀምጣቸው መምረጥ አለብኝ። አንድ ስም ጻፍኩ፤ ሌላ ስም ጻፍኩ፤ ከዚያ እጄ ቆመ። የማላውቀው ስም ነው። ቀጠልኩ፤ ሌላ የማላውቀው ስም። አሥራ ሁለት ዓመት ስጽፍ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ አንዴ የጻፈውን ስም እጅ አይረሳም። እነዚህን ሰዎች ግን እጄ አያውቃቸውም።

ወደ ላይ ተመልሼ ስሞቹን በጣቴ ቆጠርኩ።

«ምን ሆንክ?» አሉ ጋሼ።

«ምንም።»

ስህተት ማስገባቱን ረሳሁት። ጋሼ አንዴ አነበቡ፤ ሁለቴ አነበቡ፤ ሦስቴ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ዛሬ ምንም የለም» አሉ፤ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው። እኔ ጫማዬን በአግባቡ ሳላስር ሮጬ ወጣሁ።

ሱቅ ደርሼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሰባት ሰው ጎድሏል። ከአንዱ «ልጅ» ወደ ሌላው «ልጅ» ዐይኔ ዘሎ፣ ሰባት አባቶችን ሰላም እንኳ ሳልላቸው አልፌአለሁ። እነሱ ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። ሰባት ሰው ሲጠፋ ያላየ ዐይን ሌላ ስንት አሳልፏል? ራሴ ላርም ብዬ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ፤ የማነበው ግን የጻፍኩትን መሆኑ ቀርቶ ልጽፍ ያሰብኩትን ነው። አሥር ገጽ አንብቤ ምንም አላገኘሁም፤ ምንም አለማግኘቴ ይበልጥ አስፈራኝ። ጋሼ ሦስተኛ ዙር የሚሄዱት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልጸለይኩም፤ ጽፌአለሁ እንጂ። ልጄ የጠየቀችኝ ደግሞ ያንን የጠዋቱን እንጂ የሩጫውን አልነበረም። አራት ቀን ተኩል ቀርቶኛል። በማውቀው ሰው ሁሉ መካከል ይህን ሊያድንልኝ የሚችል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚያናድደው እሱ ነው።

ለምሳ ቤት ገባሁ። ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ፤ የዳቦ መጠቅለያ ያነብባሉ። ሁለቱን ደብተሮች ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።»

«አንድ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «በቀን አምስት መስሎኝ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ያውቁ ነበር?»

«አርባ ዓመት ስህተት ስለቅም ኖርኩ እኮ፣ አንተ ሰው። እውነተኛ ስህተት ጠባይ አለው። ሰው ሲደክመው ይበዛል፣ ሲነቃ ያንሳል፤ አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ዘጠኝ ነው። ያንተ አምስት፣ አምስት፣ አምስት፤ እንደ ትእዛዝ መድኃኒት። በሦስተኛው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር፤ እንደገና ጠረጉት።

«ብነግርህ ትተወው ነበር» አሉ። «ከዚያ ጠዋት ተነሥቼ የት ልሄድ?»

ሰው በመስማት የታወቅኩ ነኝ፤ አምስት ወር ሙሉ አጠገቤ «እህም» ሲሉ ይህን አልሰማሁም።

ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ጣታቸውን የቤቱ ደብተር ላይ አሳረፉ። «እኔን ብታታልል ግድ የለም። በዚህ ላይ ግን? እግዚአብሔርን ልትሸውድ ነው?»

«የጌታን ስም አልነካሁም።»

«ተው! ተው! ሰበቡን ለራስህ ያዘው።» ሁለተኛውን ደብተር ወደ ራሳቸው ሳቡ። ቀጥለው በሌላ ድምፅ፣ «ስንት ሰው ጎደለ አልክ?»

«ገና አልነገርኩዎትም እኮ።»

«ዛሬ ጠዋት ስም ስትጽፍ ፊትህ አመድ መሰለ። ስም ላይ ፊቱ አመድ የሚመስል ሰው የዘለለ ሰው ነው። ስንት?»

«ሰባት።»

«ሰባት!» ተነሥተው ማስመሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ጫማዬን አቀብለኝ። ሱቁ ዛሬ ይዘጋል።»

እስከ ቅዳሜ ተዘጋ። በሩን ከውስጥ ቀርቅረን ከመኪኖቹ መካከል ተቀመጥን። እኔ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ በማስመሪያ እየተከተሉ ይሰማሉ። በማተሚያ ቤት እንደዚያ ነው አሉ፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያዳምጣል። ማንበብ ስላችሁ እንደ ሰው ማንበብ አይደለም።

«ነጠላ ሰረዙን አላልክም።»

«እሱንም ልበል?»

«ካላልከው መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

እንዲህ ሆኖ የጌታን ምሳሌዎች ከእነ ነጠላ ሰረዛቸው፣ ከእነ አራት ነጥባቸው እየጮህኩ አነበብኩ። ጉሮሮዬ ሻከረ። ስፈጥን «ቀስ!» ይላሉ፤ ስዘገይ «ተኛህ?» ይላሉ። ስህተት ስንደርስበት ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ያደርጋሉ፤ እኔ በእያንዳንዱ ቀጭታ እደነግጣለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጥርሴን ማፋጨት ትቼ እንደነበር ያወቅኩት እዚያው፣ አንዱን ምሳሌ ሳነብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩን ስሰማው ነው።

ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ በሩን ደበደበችው።

«ጠጋኝ! ምነው ዘጋህ? ሰው ሞቶ ነው?»

«ሰባት ሰው!» ብለው ጮኹ ጋሼ ከውስጥ።

የእርምጃዋን ድምፅ፣ ፈጠን ብሎ፣ ሲርቅ ሰማሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጨረስን። ሃያ ስድስት ስህተት፤ ሰባቱ እነዚያ አባቶች ናቸው። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ በየገጹ አንድ፣ ሁለት እየሆኑ ተበታትነዋል፤ ከሦስት የሚያልፈው የስሞቹ ገጽ ብቻ ነው። ጋሼ ደብተሩን እዚያ ገጽ ላይ ዘረጉት።

ቢቀደድ ጀርባው አብሮ ይሄዳል። እንደገና ቢጻፍ ደግሞ ሰባቱ ስሞች ተጨምረው ከገጹ ይተርፋሉ፤ የተረፈው ወደ ቀጣዩ፣ የቀጣዩም ወደሚቀጥለው ይገፋል፤ መጨረሻ የለውም። ሠርጉ ነገ ነው። ጋሼ ማስመሪያውን አነሡ። ከስፌቱ አጠገብ አጋደሙት። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ «አቤቱ፣ እጃቸውን ያዝልኝ» አልኩ። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ከልቤ የጸለይኩት ያችን ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

የመቅደድ ድምፅ ሳይመጣ ቀረ።

«ከታተመ በኋላ የተገኘ ስህተት አይቀደድም» አሉ ጋሼ። «መጨረሻው ላይ እርማት የሚባል ገጽ ይገባለታል።»

«ይሄ እኮ አልታተመም።»

«ለነገ ከተፈለገ ታትሟል ማለት ነው። አትከራከረኝ! ጥቁር እስክሪብቶ ስጠኝ።»

በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ አራት ዓምድ አሰመሩ፤ ገጽ፣ መሥመር፣ የተጻፈው፣ መሆን የነበረበት። መጻፍ ጀመሩ። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ላይ ምልክት ሲያደርጉ ኖሩ እንጂ የራሳቸውን ገጽ ጽፈው አያውቁም፤ ፊደላቸው እንደ ተማሪ ፊደል ክብ ክብ ነበር። ሰባቱ አባቶች ጋ ሲደርሱ እያንዳንዱን ስም ከመጻፋቸው በፊት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ አዳመጥኩ። የእስክሪብቶው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ልጄ የምትለው ድምፅ ይህ መሆኑን ከውጭ ሆኜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እሑድ ሠርጉ ሆነ፤ እንደ ሠርግ ሁሉ ጫጫታ ነበረው። ሊሄዱ ሲሉ ደብተሩን ሰጠኋት። ገልብጣ መጀመሪያ የከፈተችው የመጨረሻውን ገጽ ነው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የአጎትሽ።»

«አባትሽ ጻፈው፣ እኔ ስህተቱን አገኘሁበት» አሉ ጋሼ፤ ከኮታቸው ኪስ አንድ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «በየገጹ ማረሙ ያንቺ ፈንታ ነው።»

እንባዋ ሲመጣ አየሁና ዞር አልኩ። ጋሼም ዞር አሉ፤ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

እነሆ ወር ሊሞላ ነው። ጠዋት ጠዋት እኔና ጋሼ ከዚያ ከከሳ ደብተር ጋር ተቀምጠናል። ከአሁን በኋላ አውቄ አልሳሳትም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ መሳሳት ግን ሳላውቅም በደንብ እችላለሁ። ሰኞ አንድ ሠራሁ፤ ጋሼ ሦስት ዙር ሄደው ሱቄን በአንድ ሰዓት አስረፈዱኝ። ረቡዕ ስድስት ሠራሁ፤ ቀደዱት። ትናንት ደግሞ አራት ብሠራ ጀርባውን፣ በስንት መከራ የጻፍኩትን ንጹሑን ገጽ፣ አብረው ወሰዱብኝ። ታረቅን እንጂ መናደዴን ተውኩ አላልኩም።

ዛሬ ጠዋት ማስመሪያው ገና ሦስተኛው መሥመር ላይ ሳለ ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ እርማቱን ጨረስኩ እኮ! ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እያልኩ። አንዱ ብቻ አስቸግሮኝ ነበር። ገጽ ዘጠና አራት ይላል፤ እዚያ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። በኋላ ሳየው ዘጠና ስድስት ላይ ነው ለካ።»

ጋሼ ማስመሪያቸውን አቁመው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ ጣል አድርገዋል። ከእሷ ጋር ተሰነባብቼ ዘጋሁ።

«ምን አለች?»

ደህና ነኝ አለች ብል ይበቃ ነበር። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ዘጠኝ ሳምንት ዋሽቼ አይቼዋለሁ።

«ስህተት አገኘች» አልኩ።

«የት ላይ?»

«እርማቱ ላይ።»

ቀይ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። ዘጉ። መስኮቱን አዩ፤ ሻያቸውን አዩ፤ እንደገና ከፈቱ። አርባ ዓመት የሰው ስህተት የለቀመ ሰው የራሱን ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ልስቅ ብዬ ተውኩት።

«ስንት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አንድ።»

«አንድ ከሆነ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ከሆነ አይቀደድም።»

ከዚያ ማስመሪያቸውን አነሡና ወደ እኔ ገጽ ተመለሱ።

«እህም።»